አብሽ የስኳር ኪኒን ይተካል?

ጥያቄ፦ «እናቴ 58 ዓመቷ ነው። ስኳር ከተገኘባት ስድስት ዓመት ሆኗታል። ሜትፎርሚን 500 ጠዋትና ማታ፣ ግሊቤንክላማይድ 5 ደግሞ ጠዋት ትወስዳለች። ባለፈው ስትመረመር በባዶ ሆድ 196፣ የሦስት ወሩ አማካይ (HbA1c) 9.1 ነበር። ቀፊራ ገበያ ቅመም የምትሸጥ ሴት ‹አብሽ ውስጥ ኢንሱሊን አለ፤ ማታ ዘፍዝፈሽ ጠዋት ውሃውን ጠጪ› ብላት ይኸው ሁለት ሳምንቷ ነው። ስለሚመራት ማር ታደርግበታለች። ትናንት በቤት ማሽን 171 አሳየ። አሁን ግሊቤንክላማይዱን ልተወው እያለች ነው። ትተወው? አብሹስ በቀን ስንት ማንኪያ ነው? ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ።»

ምላሽ፦ ግሊቤንክላማይዱን በራሷ ውሳኔ አታቁም። ይህ ኪኒን ሊቀየር የሚችልበት ሌላ ምክንያት ስላለ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ፤ «171 ገባልኝ» ተብሎ ግን አይቆምም። 171 ገና ከፍ ያለ ስኳር ነው። አብዛኛው የስኳር ታማሚ በባዶ ሆድ እንዲኖረው የሚፈለገው ከ80 እስከ 130 ባለው ውስጥ ነው።

ከ196 ወደ 171 መውረዱ ብቻውን ስለ አብሹ የሚነግረን ነገርም የለም። የቤት ማሽኖች የሚፈተኑበት ዓለም አቀፍ መስፈርት፣ ስኳሩ ከ100 በላይ ሲሆን፣ ንባቡ ከላቦራቶሪው ውጤት በ15 በመቶ ከፍ ወይም ዝቅ እንዲል ይፈቅዳል። እውነተኛው ስኳሯ በሁለቱም ቀን 185 ቢሆን ማሽኑ ከ157 እስከ 213 ያለውን ማንኛውንም ቁጥር ቢያሳይ ተበላሸ አይባልም ማለት ነው። 196ም 171ም እዚያው ውስጥ ናቸው። የድሬዳዋ ሙቀት ደግሞ አለ። የመመርመሪያ ስትሪፖቹ ብዙዎቹ ከ30 ዲግሪ በላይ እንዲቀመጡ አልተሠሩም፤ ብልቃጡ ክዳኑ ላልቶ ወይም ፀሐይ የሚያርፍበት መስኮት ላይ ከሰነበተ የሚያሳየውን ቁጥር አይመኑት። ማንጎ ወይም ብርቱካን የላጠ እጅ ሳይታጠብ ጣት ከተወጋ ደግሞ ማሽኑ የሚያነበው ከደሙ ጋር የፍሬውን ስኳር ጭምር ነው። ስለዚህ አንድን ቁጥር ከሌላ አንድ ቁጥር ጋር አታወዳድሩ። በሳሙና በታጠበና በደረቀ ጣት፣ ጠዋት በተመሳሳይ ሰዓት፣ የሰባት ቀን ንባብ ደብተር ላይ ጽፋችሁ አማካዩን ውሰዱ። ያኔ ስለ አብሹ መነጋገር እንችላለን።

አሁን ወደ ሻጯ አባባል። አብሽ ውስጥ ኢንሱሊን የለም። ቢኖርም ጥቅም አልነበረውም፤ ኢንሱሊን ፕሮቲን ስለሆነ በአፍ ከተወሰደ ጨጓራና አንጀት እንደ ሥጋና እንደ ሽሮ ፈጭተው ይበሉታል። በመርፌ የሚሰጠው ለዚህ ነው። ሴትየዋ ግን ሙሉ በሙሉ ከመንገድ አልወጣችም። አብሽ ውስጥ 4-ሃይድሮክሲአይሶሉሲን የሚባል አሚኖ አሲድ አለ። ሥጋና ወተት ውስጥ አይገኝም፤ ከዘሩ ክብደት ግማሽ በመቶ ገደማ ነው፣ መጠኑም እንደ ዘሩ ዓይነት ይለያያል። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ላቦራቶሪ ውስጥ ከአይጥና ከሰው ቆሽት በተወሰዱ ሴሎች ላይ ሲሞከር ሴሎቹ የሚያወጡትን ኢንሱሊን ጨመረ። የሚገርመው ጠባዩ ይህን የሚያደርገው በዙሪያው ያለው ስኳር ከፍ ሲል ብቻ መሆኑ ነው፤ ስኳሩ ዝቅ ካለ ዝም ይላል። ግሊቤንክላማይድ እንደዚያ አይደለም። ስኳሩ ከፍ አለ ዝቅ አለ፣ ቆሽቱን እየጎተጎተ ኢንሱሊን ያስወጣዋል። ሁለቱ አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩ ቢመስሉም ተተኪ አይደሉም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ያ አሚኖ አሲድ ብቻውን ተነጥሮ ወጥቶ፣ በብዙ ታማሚዎች ላይ ተፈትኖ፣ መድኃኒት የሆነበት ታሪክ የለም። በስኳር ታማሚዎች ላይ ውጤት ያሳዩት ሙከራዎች በአብዛኛው የተሠሩት በዱቄቱ ነው፤ ከዱቄቱ ሥራ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ደግሞ ስሙ ብዙም የማይነሳው ሌላው ክፍል ነው፦ ጋላክቶማናን። አብሽ ሲዘፈዘፍ የሚያወጣውን ያንን ዝልግልግ ነገር ያውቁታል፤ እሱ ነው። ከዘሩ ክብደት ግማሽ ያህሉ አሰር (ፋይበር) ሲሆን የሚሟሟው ክፍል በዋነኛነት ጋላክቶማናን ነው። አንጀት ውስጥ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ምግቡን እንደ ወፍራም አጥሚት ያያይዘዋል፣ ጨጓራው ቶሎ ባዶ እንዳይሆን ያደርጋል። የእንጀራው ወይም የዳቦው ስታርች ወደ ስኳር ተቀይሮ ደም ውስጥ የሚገባው ቀስ እያለ ይሆናል። ይህ ሥራ ቆሽትን አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ዝልግልጉ ከምግቡ ጋር አንድ ላይ ሆድ ውስጥ መገኘቱን ብቻ ነው። ሦስተኛው ትሪጎኔሊን ነው። ጥሬ ቡና ውስጥም የሚገኝ ንጥረ ነገር ነው፤ በሰው ላይ ያለው ማስረጃ ቀጭን ስለሆነ አልቆይበትም።

አሁን እናትዎ የሚጠጡትን ብርጭቆ እንመልከተው። ፍሬው ሳይፈጭ ማታ ይዘፈዘፋል፤ ጠዋት ቢጫ ውሃው ይጠለልና ይጠጣል፤ ያበጠው ፍሬ ይደፋል። ሙሉ ፍሬ ሲዘፈዘፍ ወደ ውሃው የሚወጣው መራራውና ቶሎ የሚሟሟው ጥቂቱ ነው። ጋላክቶማናኑ አብዛኛው ከቅርፊቱ ሥር፣ ፍሬው ውስጥ ተጠቅጥቆ ነው ያለው፤ በሁለት ጣት ጨመቅ ቢያደርጉት የሚያሙለጨልጨው እሱ ነው። የተደፋው እንግዲህ ዋናው ክፍል ነው። የቀረው ውሃ ላይ ማር ተጨመረበት። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ወደ 17 ግራም ስኳር ይዟል፤ ስኳሩ የወረደበትን ሰው ለማንሳት የምንሰጠው 15 ግራም ነው። በባዶ ሆድ፣ አሰሩ በሌለበት ውሃ፣ 17 ግራም ስኳር። ሠርቶላቸው ከሆነ ማሩ ተጨምሮበትም ነው የሠራው፤ እኔ ግን የሠራው ሌላ ነገር ነው ብዬ እገምታለሁ። «ስኳሬን ልቆጣጠር» ብሎ የተነሳ ሰው በዚያው ሳምንት ለስላሳውንም ይቀንሳል፣ የማታውን ፈጢራም ይተዋል።

ባህላዊው የአብሽ አሠራርም ለዚህ ጉዳይ አይመችም፤ ለጣዕም ነውና የተሠራው። አብሹ ይታመሳል፣ ይፈጫል፣ ይዘፈዘፋል፣ ከላይ የሚንሳፈፈው ውሃ ምሬቱ እስኪለቅ ሁለት ሦስት ጊዜ ይደፋል፣ ከዚያ ነጣ ብሎ እስኪነሳ ይመታል። የሚደፋው ውሃ አሚኖ አሲዱንና ትሪጎኔሊኑን ይዞ ይሄዳል፤ አሰሩ ግን በብዛት ይቀራል። ማመሱም ዋጋ አለው። አብሽ ሲታመስ ቤቱን የሚሞላው ሽታ ሶቶሎን ከሚባል ንጥረ ነገር የሚመጣ ነው፤ ሶቶሎን ደግሞ የሚፈጠረው ያው 4-ሃይድሮክሲአይሶሉሲን በሙቀት ሲፈርስ ነው። ሽታው በበረታ ቁጥር ስሙ የተወራለት ንጥረ ነገር እየተቃጠለ ነው ማለት ነው። (አብሽ የሚያዘወትር ሰው ላቡና ሽንቱ አብሽ አብሽ የሚለውም በዚሁ ሶቶሎን ነው፤ እናትዎ ቢደነግጡ ሕመም አይደለም።)

ከአብሽ ምን ያህል ይጠበቃል? በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ የአሥር ሙከራዎችን ውጤት አንድ ላይ የመዘነ ጥናት፣ በባዶ ሆድ የሚለካው ስኳር በአማካይ ወደ 17 ያህል፣ የሦስት ወሩ ደግሞ 0.85 ያህል እንደቀነሰ አሳይቷል። በባዶ ሆድ ያለው ቅናሽ ጎልቶ የታየው የስኳር ሕመም ባለባቸው ሰዎችና መጠኑ በቀን 5 ግራምና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። ከሙከራዎቹ ብዙዎቹ ትንንሽና አጫጭር ስለነበሩ ቁጥሩን እንደ ጣሪያ እንጂ እንደ ዋስትና አልወስደውም። ሕንድ ውስጥ ስኳራቸው ከፍ ማለት የጀመረ፣ ግን ገና ታማሚ ያልተባሉ ሰዎችን ሦስት ዓመት የተከታተለ ሙከራም አለ፤ በቀን 10 ግራም፣ ለሁለት ተከፍሎ፣ ከምግብ በፊት የወሰዱት ወደ ስኳር ሕመም የተሻገሩት ካልወሰዱት በጣም አንሰው ነው።

ይህን በእናትዎ ቁጥር ላይ ያሰሉት። 196 ሲቀነስ 17፣ 179 ነው። 9.1 ሲቀነስ 0.85፣ 8.25 ነው። አብሹ ከተጠበቀው ሁሉ ሠርቶ እንኳ፣ ኪኒኖቹም ሳይቆሙ፣ የሚያደርሳቸው እዚያ ነው፤ ለአብዛኛው ሰው የሚፈለገው የሦስት ወር ውጤት ከ7 በታች ነው። ግሊቤንክላማይዱ ቢነሳ ደግሞ እሱ ያወረደው ተመልሶ ይወጣል። አብሽ ተጨማሪ ነው፤ ምሰሶ አይሆንም።

«ከዕፅ የመጣ ይሻላል» ለሚለው፣ ሜትፎርሚንም የዘር ሐረጉ ከዕፅ ነው። ጋሌጋ ኦፊሲናሊስ የምትባል፣ እንደ አብሽ ከባቄላና ከሽምብራ ቤተሰብ የሆነች ተክል ውስጥ ጋሌጊን የሚባል ስኳር የሚያወርድ ንጥረ ነገር ተገኘ፤ እሱ ራሱ መርዛማ ስለነበር ዘመዶቹ ተፈለጉ። ሜትፎርሚን በ1922 እ.ኤ.አ. ተሠራ፣ በ1957 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ስቴርን ለስኳር ታማሚዎች መጠቀሙን አሳወቀ። እናትዎ ጠዋትና ማታ የሚውጧት ነጭ ኪኒን መጠኗ የታወቀ፣ መርዙ የወጣለት የዕፅ ልጅ ናት።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ አብሽን አልከለክልም። በወጉ ከተወሰደ ርካሽ ነው፣ ምግብ ነው፤ ሁልበት መረቅ የሚበላበት የሐረር ማዕድም ከጥንት ያውቀዋል። አወሳሰዱ ግን ይቀየር።

የተፈጨ አብሽ ከገበያ አይግዙ። ዱቄቱ ውስጥ ምን እንደተቀላቀለና መቼ እንደተፈጨ በዓይን አይለይም። ፍሬውን ይግዙ፤ ወርቃማ ቢጫ፣ ጠንካራ፣ ሲቆረጠም ቀጭ የሚል ይሁን። የሻገተ ሽታ ያለውን፣ እርጥበት የነካውን ይለፉት። ጠጠሩን ለቅመው፣ በፍጥነት አለቅልቀው፣ ጥላ ውስጥ በደንብ ያድርቁት። ማመስ ካስፈለገ ምጣዱ ለብ ባለበት ፍሬው እስኪሞቅና እንዲፈጭ እስኪሰባበር ብቻ ይሁን፤ ወደ ቀይ መሄድ ከጀመረ አልፏል። ሳይታመስ ቢፈጭ ይበልጣል፣ ምሬቱን ከቻሉት። ልም ተደርጎ ይፈጭ፣ ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንት የሚበቃ ብቻ፤ ክዳኑ በሚገጥም ብርጭቆ ዕቃ፣ ከምድጃ ርቆ ይቀመጥ።

መጠኑ። ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ዱቄት ወደ 3 ግራም ገደማ ይይዛል፤ ማንኪያ ከማንኪያ ስለሚለያይ የወጥ ቤት ሚዛን ያለው ሰው አንዴ መዝኖ የራሱን ማንኪያ ይወቅ። የመጀመሪያውን ሳምንት አንድ የሻይ ማንኪያ በቀን አንድ ጊዜ፣ ምሳ ከመድረሱ በፊት። ሆድ ካልተነፋና ተቅማጥ ካልመጣ በሁለተኛው ሳምንት አንድ ማንኪያ ከምሳ በፊት፣ አንድ ከእራት በፊት። ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ እያንዳንዱን ወደ 5 ግራም፣ ማለትም ወደ አንድ ተኩል ማንኪያ ከፍ ያድርጉት። እዚያ ላይ ይቁም። በቀን 25 ግራምና 100 ግራም ድረስ የተሰጠባቸው ሙከራዎች አሉ፤ በሐኪም ክትትል ሥር የተደረጉ ናቸው፣ ቤት ውስጥ የሚኮረጁ አይደሉም።

አዘገጃጀቱ ቀላል ነው። ዱቄቱን በአንድ ብርጭቆ ውሃ በጥብጠው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ያቆዩት። በሹካ ይምቱት፤ ወፈር ሲልና ከሹካው ላይ ክር እየሠራ ሲወርድ ደርሷል። ውሃውን አያጥልሉት፤ ዝቃጩም አብሮ ይጠጣ። ምሬቱን ሎሚ ጨምቀው ያስታግሡ፤ ማርም ስኳርም አይግባበት። ከምግብ 15 ደቂቃ ቀድሞ ይጠጣ፣ ከላዩ አንድ ብርጭቆ ንጹህ ውሃ ይከተል። ዱቄቱን በደረቁ አፍ ውስጥ በትኖ መዋጥ አደጋ አለው፤ ጉሮሮ ላይ ውሃ ስቦ ሲያብጥ ሊያንቅ፣ አንጀትንም ሊዘጋ ይችላል። ሌሊቱን መዘፍዘፍ የግድ አይደለም። ድሬዳዋ ላይ በሞቃቱ ወራት ከማቀዝቀዣ ውጭ ያደረ የአብሽ ብጥብጥ ጠዋት ኮምጠጥ ብሎ ይገኛል፤ ያ ፈልቷልና ይደፋ።

መጠጣት ለሰለቸው ሰው ዱቄቱ ሊጥ ውስጥ ይገባል። ለአንድ ኪሎ ዱቄት ከ50 ግራም በላይ ሲሆን ዳቦው ይመራል፤ በ50 ግራም ግን ቤተሰቡ ሁሉ ሳያማርር ይበላዋል። ሁለት መቶ ግራም ዳቦ የበላ ሰው የሚያገኘው አብሽ ግን 7 ግራም ያህል ነው፣ ከዳቦው ስታርች ጋር። ይህን በማካካሻነት ቢይዙት ጥሩ፤ «የስኳር ዳቦ ነው» ብለው እጥፍ እንዳይቆርሱ።

የኪኒኑ ሰዓት። ዝልግልጉ የምግቡን ስኳር እንደሚያዘገይ ሁሉ ኪኒንንም ሊያዘገይ ይችላል፤ ስለዚህ አብሽና መድኃኒት በአንድ ጉርሻ አይግጠሙ። ለእናትዎ የሚስማማው እንዲህ ነው፦ ጠዋት አብሽ የለም፤ ግሊቤንክላማይድና ሜትፎርሚን ከቁርስ ጋር እንደታዘዘው። አብሹ ከምሳ በፊትና ከእራት በፊት። የማታው ሜትፎርሚን ከእራት በፊት ሳይሆን እራት ካለቀ በኋላ፣ አብሹ ከተጠጣ አንድ ሰዓት ገደማ ሲሞላው። የእንቅርት መድኃኒት ሌቮታይሮክሲን የሚወስድ ሰው ልዩነቱን ወደ አራት ሰዓት ቢያሰፋው ይሻላል።

አሁን ወደ ግሊቤንክላማይድ። አብሽ ብቻውን፣ ወይም ከሜትፎርሚን ጋር፣ ስኳርን ከልክ በታች ማውረዱ ብዙም አያሰጋም። ከግሊቤንክላማይድ ወይም ከኢንሱሊን ጋር ሲሆን ነገሩ ይለወጣል። ግሊቤንክላማይድ ረጅም የሚቆይ ኪኒን ነው፤ ጠዋት የተዋጠው ማታም ይሠራል። አብሹ የምግቡን ስኳር እያዘገየ፣ ኪኒኑ ኢንሱሊን እያስወጣ፣ ሰውየው ደግሞ ምግብ ከዘለለ ስኳሩ ከ70 በታች ይወርዳል። ምልክቶቹ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ መምታት፣ ድንገተኛ ረሃብ፣ ከዚያ ነገር መዘባረቅና መደንዘዝ ናቸው። ድሬዳዋ ላይ ችግሩ ላብ ማንንም አለማስደንገጡ ነው፤ «ሙቀቱ ነው» ይባልና ሰዓቱ ያልፋል። ልዩነቱ ይህ ነው፦ የሙቀት ላብ ጥላ ውስጥ ገብተው ውሃ ሲጠጡ ይቀላል። ቆዳው ቀዝቅዞ፣ እጅ እየተንቀጠቀጠ፣ ማራገቢያ ሥር ተቀምጠውም የሚቀጥል ላብ ከሆነ ወዲያው ይለኩ። መለኪያ ከሌለ እንደወረደ ቆጥረው ያክሙት፦ አራት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ መስጠት፣ 15 ደቂቃ ጠብቆ እንደገና መለካት (መለኪያ ከሌለ ምልክቱን ማየት)፣ ካልወጣ መድገም፣ ከወጣ በኋላ ምግብ ማብላት። ለዚህ ጊዜ አብሽ አይሰጥም፤ የምንፈልገው ስኳር ቶሎ እንዲገባ ነውና። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ግን ምንም አይጨመርም፤ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል። በግሊቤንክላማይድ የወረደ ስኳር ከተነሳ በኋላ ተመልሶ ሊወርድ ስለሚችል «ነቃ፣ እንሂድ» ተብሎም ከሐኪም ቤት አይወጣም።

ሁለት የአካባቢያችን ልማዶች ይህን አደጋ ያባብሱታል። አንደኛው በርጫ ነው። ጫት ረሃብን ያጠፋል፤ ከሰዓት በኋላ የተቀመጠ ሰው እራቱን ሳይበላ ያመሻል፣ የጠዋቱ ግሊቤንክላማይድ ግን ሥራውን አያቋርጥም። በሌላ በኩል አብሮ የሚጠጣው ስኳር የበዛበት ሻይና ለስላሳ ስኳሩን ይሰቅለዋል፤ ቀኑን ሙሉ ወጣ ወረድ ነው። ሁለተኛው ጾም ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾምም ሆነ ረመዳንን ቀኑን ሙሉ የሚጾም፣ ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ ሰው ጾሙ ከመግባቱ ሳምንታት ቀድሞ መድኃኒቱን ከሐኪሙ ጋር ማስተካከል አለበት። ለሱሑር ከምግብ በፊት አብሽ ጠጥቶ ኪኒኑን እንደወትሮው ውጦ መዋል አይቻልም።

አብሽ በመድኃኒት መጠን የማይመከርላቸውም አሉ። ነፍሰ ጡር ሴት ወጥ ውስጥ የገባ አብሽ አይጎዳትም፤ በየቀኑ አሥር ግራም ግን ማሕፀንን ሊያነሳሳ ስለሚችል ይቅርባት። ደም የሚያቀጥን ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው አይጀምር፤ የደሙ መቅጠን ሊጨምር ይችላል። ሽምብራ ወይም ለውዝ የሚያሳክከው ሰው አብሽም ሊያስነሳበት ይችላል፤ ዘመዳሞች ናቸው። ዓይነት አንድ ስኳር ያለበት ልጅ ወይም ወጣት ኢንሱሊኑን በአብሽ ቢተካ በቀናት ውስጥ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል፤ የሚጎተጎት ቆሽት የለውምና።

ካፕሱሎቹንም ልጨምር። «የአብሽ ንጥር»፣ «ንጹህ ተፈጥሯዊ» እየተባሉ በእጅ የሚሸጡ እሽጎች ውስጥ ስንት ሚሊ ግራም ምን እንዳለ ገዢው የሚያውቅበት መንገድ የለም። በተለያዩ አገሮች እንዲህ ያሉ የስኳር እንክብሎች ሲመረመሩ ውስጣቸው ራሱ ግሊቤንክላማይድ ተቀላቅሎ ተገኝቷል። «ተአምር ነው፣ በሦስት ቀን አወረደልኝ» የሚባል ካፕሱል ካጋጠመዎ የመጀመሪያ ጥርጣሬዎ ይህ ይሁን። ሽፈራው፣ ጥቁር አዝሙድና እሬትን ከአብሹ ጋር መደራረብም አልመክርም፤ ሆድ ቢያስቀምጥ ወይም ስኳር ቢወርድ የትኛው እንደሆነ አይታወቅም።

ወደ እናትዎ ልመለስ። እኔን ያሳሰበኝ አብሹ አይደለም፤ 9.1 ይዘው በቀን 1000 ሚሊ ግራም ሜትፎርሚን ላይ መቆየታቸው ነው። ኩላሊታቸው ደህና ከሆነ ይህ መጠን ወደ 2000 ከፍ የሚልበት ቦታ አለው፤ ከአብሽ በፊት ሊታይ የሚገባው ተጨማሪ ቅናሽ ያለው እዚያ ነው። ስለዚህ በዚህ ሳምንት የሚታከሙበት ሐኪም ቤት ይሂዱና የኩላሊት ምርመራ፣ ክሬአቲኒን፣ ይጠይቁ። የሰባት ቀኑን ደብተር ይዘው ይቅረቡ፤ አብሽ እየጠጡ እንደሆነም ይናገሩ። ሦስት ጥያቄ ይበቃል፦ ሜትፎርሚኑ ከፍ ሊል ይችላል? ኩላሊቴ ለግሊቤንክላማይድ ይመቻል? ስኳርን ከልክ በታች የማውረድ አደጋው ያነሰ ሌላ ኪኒን ሊተካው ይችላል? ኩላሊት ሲደክም ግሊቤንክላማይድ ሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል፤ ኪኒኑን ለመቀየር በቂ ምክንያት የምለው ይህን ነው።

ሜትፎርሚኑ ከተጨመረ አብሹን ለአንድ ወር ያቁሙት። ሁለቱም ሆድ ይነፋሉ፣ ሁለቱም ያስቀምጣሉ፤ አብረው ከተጀመሩ እናትዎ ጥፋቱን በኪኒኑ ላይ ጥለው እሱን ነው የሚተዉት። ሆዳቸው ከተረጋጋ በኋላ በአንድ የሻይ ማንኪያ ይጀምሩ፣ ማሩን ያስቀሩ፣ ዝቃጩን ይጠጡ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት ጠዋት በባዶ ሆድና ከእራት በፊት ይለኩ፤ ከ100 በታች ሁለት ጊዜ ከታየ ግሊቤንክላማይዱ እንዲቀነስ ሐኪሙ ጋ ይደውሉ። አብሹ ሙሉ መጠኑ ላይ ከደረሰ ሦስት ወር ሲሞላው የሦስት ወሩ ስኳር ይመርመር፤ አብሹ ሊጀመር ሲል ከነበረው ቢያንስ በ0.5 ካልቀነሰ ለእናትዎ አልሠራም ማለት ነውና ወደ ወጡ ይመለስ። በመካከሉ ስኳሩ ከ300 በላይ ሆኖ ማስታወክ፣ የበዛ ጥማት ወይም የትንፋሽ መፍጠን ከመጣ ደግሞ አብሽም ደብተርም ይቆይ፤ ያኑ ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው።